የያዘውን የማይለቅ ሞርሳ

ባሌ ሞርሳ፣ ያቺን ዕቃ ነክሳ የምትይዝ የብረት መንጋጋ፣ ሲመርጥ አሥራ አንድ ወር ፈጀበት። እኔን ሲመርጥ የፈጀበት ሦስት ሳምንት ነው። ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም፤ በሞርሳ የሚቀና ሰው ጤና የለውም። እኔንም እንዲህ አጥብቆ መርምሮኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እጮኛሞች ነበርን ለማለት ያህል ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። በሚሽከረከረው ማሽን ላይ ብረት አስሮ እየላገ ዘንግና ብሎን ሲያወጣ ኖረ። ከአጠገቡ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ርቀት፣ በሁለተኛው ቶርኖ ላይ ይቆም የነበረው ሰው ሁሉ ሚሊሜትር እያለ የሚጠራው ጓደኛው ነው። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። ዳቦ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ ብትጠይቁት በሚሊሜትር ሊነግራችሁ ይዳዳዋል። ሁለቱ በአንድ ዓመት ተቀጥረው በአንድ ቀን ጡረታ ወጡ።

ሚሊሜትር ግን ከብረት መለየት አልሆነለትም። ጋራዡ ሊጥለው የነበረውን አሮጌ ቶርኖ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ቤት ተከለው፤ ለሰፈሩ ሰው ብሎንና ዘንግ መሥራቱን ቀጠለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ብቻውን ነው። በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅ አለችው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «አባዬ፣ ና ከኔ ጋር ኑር» እያለች ለምናዋለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «እጄ ሲሞት እመጣለሁ።» ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ባሌም ያውቃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ባሌ በበኩሉ «ብረት በቃኝ» ብሎ ቤት ተቀመጠ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማሽኔ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ከጀርባዬ ቆሞ «ይኼ ስፌት ወደ ግራ ሄዷል» ሲለኝ፣ ደህናውን የበር ማጠፊያ ሲፈታ፣ የሚሠራውን ሰዓት ሲጠግን ቆሽቴን አሳረረው። ከዚህ መከራ ያወጣኝ ዓሣ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ከከተማው ዳር ያለው ሐይቅ ውስጥ ጥርሳም ትልቅ ዓሣ አለ። ሐይቁ ዳር ባለው ማረፊያ ሆቴል የሚያርፉ እንግዶች የሚያጠምዱት በትል አይደለም። መንጠቆ ላይ ላባና የእንስሳ ጸጉር በክር እየታሰረ የሚሠራ፣ ስንዝር የሚያክል ማባበያ አላቸው። ውሃ ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ትልቁ ዘሎ ይጎርሰዋል። አንድ ቀን ከነዚህ አንዱ ተበጣጥሶ ባሌ እጅ ገባ። አገላብጦ አየው፣ ሳቀበት፣ ከኔ መሳቢያ ክር ወስዶ የራሱን ሠራ። የማረፊያው ሥራ አስኪያጅ ያንን አይታ «ለሚቀጥለው ወቅት ስልሳ ይሥሩልኝ» አለችው። ባሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጢሙን መላጨት ጀመረ።

ታዲያ ማባበያ የሚያስር ሰው ሁለቱም እጁ ሥራ ላይ ነው፤ መንጠቆውን የሚይዝለት ሞርሳ ነው። ለትንሽ መንጠቆ ትንሽ ሞርሳ ይበቃል። የሱ መንጠቆ ግን ሚስማር ያህል ይወፍራል፣ ክሩ ጠንካራ ነው፣ የሚያጠብቀውም ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎን ያጠበቀ እጅ ነው። ሲስበው መንጠቆው ትንሽ ከዞረ እስሩ በሙሉ ይላላል፤ ዓሣው ላባውን ነጭቶ ይሄዳል። ስለዚህ የማይነቃነቅ፣ የማይጣመም፣ ዕድሜ ያለው ሞርሳ መምረጥ ነበረበት። እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነበር።

የመጀመሪያዋ ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ የተገዛች፣ ቀጭን መንጋጋ ያላት ነበረች። በገዛት ቀን ያዘች፤ በማግስቱ መንጠቆው ይሟለጭባት ጀመር። «ለሕፃን የተሠራች ናት» ብሎ መለሳት። ሁለተኛው እጀታው ሲጫኑት የሚቆለፍ፣ መንጋጋው ወፍራም፣ መንጠቆው የሚጋደምበት ቦይ የተቆፈረለት ነበር። በገዛው ቀን ያዘ። ያን ማታ ባሌ ከደስታው ብዛት እራቱን ደገመ። በማግስቱ ከዳው። ሦስተኛው ዙሪያውን የሚሽከረከር፣ የማባበያውን ሆድና ጀርባ ሳይፈቱ የሚያሳይ ነበር። አራተኛው ደግሞ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክሶ የሚቀመጥ። ሁሉም እንደተባባሉ አንድ ቀን ብቻ አገልግለው በማግስቱ ለቀቁ።

«የዛሬ ብረት ዕድሜው አንድ ቀን ነው» አለ ባሌ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ቤት ሞኙ አልለቀቀም፤ የሚለቀው ሞርሳው ነበር።

የሱቁ ባለቤት ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ለመጀመሪያዋ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለተኛውን ሲመልስለት ግን ራሱ መንጠቆ አስሮበት እኛው ፊት ጎተተው።

«ጋሼ፣ ይኸው ያዘ እኮ!»

«አሁንማ ይይዛል። ነገ ጠዋት ቤት መጥተህ እየው።»

«እስከ ነገ ጠዋት ብረቱ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

«እሱን እኔ ልጠይቅህ እንጂ! እናንተ ፊት ጨዋ ነው፣ እኔ ቤት ሲገባ ይባልጋል።»

እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ የመንጠቆ ሣጥን የማይ መሰልኩ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ባሌን ከሩቅ ሲያየው ወደ ጓዳ ይገባ ጀመር፤ ሁለተኛውንም የቀሩትንም አልቀበልም ስላለ ሦስቱ ሞርሳዎች እኛ ቤት ቀሩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ግን ያኔ አይጡ ማን እንደሆነ አላወቅኩም።

አምስተኛው ይባስ ብሎ የጋራዥ ሞርሳ ነበር። እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣውና ሳሎኑ ጥግ ያለውን የሥራ ጠረጴዛውን አጎበጠው። መንጠቆውን አስገባና አጠበቀ፤ አሁንም አጠበቀ፤ መንጠቆው ጧ ብሎ ተሰበረና ስባሪው የኔ የክር ሣጥን ውስጥ ገባ። «ይኼስ ያዘ» አለ ባሌ። ደሜ ፈላ። ዓይኔን አጥፍተኸኝ ቢሆንስ ብዬ ጮህኩበት፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ጥግ አጠገብ ብታየኝ ስሜን ቀይር ብዬ ማልኩ። መሐላዬንም ጠበቅኩ፤ ለመጥረግ እንኳ አልሄድኩም።

ከዚያ ጥግ የምወድለት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድሮ የጋራዡ ደወል ይደወልበት በነበረው ሰዓት፣ ይነሣል፣ ጠረጴዛውን ይጠርጋል፣ መቀሱንና ፒንሳውን ይወለውላል፣ ሁሉን በቦታው ያስቀምጣል። የሥራ ሰው እንዲህ ነው እያልኩ በልቤ አመሰግነው ነበር።

ወቅቱ ሊከፈት አንድ ወር ተኩል ሲቀረው የሚሊሜትር ትዕግሥት አለቀ። ጓደኛው በሱቅ ዕቃ ሲሰቃይ ማየት አላስቻለውም። ሦስት ሳምንት የቆርቆሮ ቤቱን ዘግቶ ሠራ፤ አንድ ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። መንጋጋው የከባድ መኪና ጭነት ከሚሸከመው ባሌስትራ የተቆረጠ፣ በእሳት የጠነከረ፣ እንደ መስተዋት የተላገ ነው። መቀመጫው ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ አንገቱ ግን ጣት እንዲያሳልፍ ቀጭንና ጎንበስ ያለ ነው። ብረት የማይገባኝ እኔ እንኳ ቆንጆ ነገር መሆኑ ገባኝ። ባሌ መንጠቆ አሰረበት፣ ጎተተ፣ ተነሥቶ ቆሞ በሁለት እጁ ጎተተ። ንቅንቅ አላለም። ሚሊሜትር ሻዩን ጠጥቶ ሄደ፤ በሩ ላይ ግን ጆሮው ድረስ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ማታ ባሌ ደወለለትና «ይዟል! ይዟል አንተ!» እያለ ጮኸ።

የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ለቀቀ።

ባሌ ያን ቀን ምሳ አልበላም። አርባ ጊዜ አሰረ፣ አርባ ጊዜ ተሟለጨበት። የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም የሚል ደንብ አለውና በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ተነሣ። እኔም ለሚሊሜትር ያሳጠርኩለት ሱሪ ስለነበረ አብሬው ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው።

ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ሥራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጎረቤቱ ብየዳ ሠራተኛም በሩ ላይ ቆሟል። ባሌ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይሰጥ ሞርሳውን አስቀመጠ።

«ምን ሆነ?» አለ ሚሊሜትር።

«አይይዝም።»

«ትናንት ይዟል ብለህ ጆሮዬን አልነበር እንዴ ያደነቆርከው?»

«ትናንት ትናንት ነው።»

«እስቲ መንጠቆ አምጣና አብረን እንየው።»

«አይቼዋለሁ። አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ። እንነጋገር ከተባለ ወንድሜ፣ እጅህ ሞቷል።»

ማሽኑ ይሽከረከር ነበር፤ ሚሊሜትር አጠፋው። ያልቆሸሸ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሺ» አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መንገድ ላይ «ያንን ቃል ከየት አመጣኸው? በዚያ ላይ ሰው ፊት!» ብዬ ስጮህበት «ብረት ሽንገላ አያውቅም» አለኝ። ብረቱ አያውቅም፤ ሚሊሜትር ግን ብረት አይደለም።

ሚሊሜትር በየቅዳሜው ጠዋት ጋዜጣ ይዞ ቤታችን ይመጣ ነበር። ያን ቅዳሜ አልመጣም። ባሌ መስኮቱ ጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰና «ጉንፋን ይሆናል» አለ። ሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጣም። ስደውልለት አያነሣም። «ስልኩ ተበላሽቶ ነው» አለ ባሌ። አንተ ነህ የተበላሸኸው አልኩት በሆዴ፤ ከዚያም በአፌ ደገምኩለት።

ሐሙስ ቀን የብየዳ ሠራተኛው ሚስት ቀሚስ ልትለካ መጣች። እጇን ዘርግታ እየለካኋት፣ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ጋሽ ሚሊ ማሽናቸውን ሸጡ እኮ፤ ዛሬ ጠዋት ተጭኖ ሄደ። እሳቸውም ሰኞ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው» አለችኝ። የያዝኩት ሜትር ከእጄ ወደቀ። ሦስት ዓመት የተለመነውን እንቢ ያለ ሰው በአንድ ቃል እሺ አለ፤ ቃሉንም የነገረው የኔው ሰውዬ ነው።

ሴትየዋ እንደወጣች ለባሌ ነገርኩት። «ጥሩ ነው፣ ያርፋል» አለ። እራት ሲቀርብ ግን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን ገፋው። ዓይኑን ሳየው ወደ ግድግዳው ዞረ። አሳዘነኝ፤ ያዘንኩለትን ያህል ደግሞ አንቄ ልገድለው አማረኝ።

ዓርብ ጠዋት ማሽኔ ላይ ስቀመጥ ለአንዲት የባንክ ሠራተኛ የሰፋሁት ክሬም ቀለም ሸሚዝ ላይ አንድ ማባበያ ተጋድሟል። ባሌ ነው፤ ያልተሳካለትን እዚህም እዚያም ይጥላል። አነሣሁት። አንገትጌው ላይ የመንጠቆ ቅርጽ ያለው ነጠብጣብ ቀርቷል። አሸተትኩት። የማሽን ዘይት! ነፍሴ አናቴ ላይ ወጣች። መሐላዬን ረስቼ ወደ ጥጉ ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ! ይኼ ነገር ዘይት ከየት አመጣ?»

«ምን ዘይት?»

«ሸሚዜን ያበላሸው ዘይት!»

«ከሞርሳው ነካክቶት ይሆናል።»

«ሞርሳው ዘይት ምን ያደርግለታል?»

«ምን ያደርግለታል ትላለች እንዴ! እንዳይዝግ ነዋ። ማታ ማታ እወለውለዋለሁ።»

ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ሞርሳ አነሣሁና ጣቴን በመንጋጋው ውስጥ፣ መንጠቆው በሚያዝበት ፊት ላይ አሳለፍኩ። ጣቴ አብረቀረቀ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በስፌት ማሽን የኖርኩ ሴት ነኝ። ማሽኔን ዘይት ባጠጣሁ ቁጥር መጀመሪያ ብጫቂ ጨርቅ ሰፍቼ ዘይቱን ሳልጨርስ የሰው ልብስ አላስነካም፤ ጨርቁ ከማሽኑ እግር ሥር ይሟለጫላ! በአሥራ አንዱ ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጣቴን ባሳርፍበት ኖሮ ያኔውኑ ባየሁት ነበር።

«መንጋጋውን? የሚይዝበትን ውስጡን ጭምር ትቀባዋለህ?»

«ብረት አይደለም እንዴ?» አለ። ከዚያ ጣቱን መንጋጋው ውስጥ አሳልፎ አየው።

ሞርሳውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ መንጠቆ አስገብቼ አጠበቅኩና «ሳብ» አልኩት። ሳበ። መንጠቆው ንቅንቅ አላለም። ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት ጠረጴዛው ተከትሎት መጣ። «ሁለተኛውን እጠቢው» አለ። ያዘ። «ሦስተኛውን።» ያዘ። ሁሉም ደህና ነበሩ። ሱቅ የሚመልሳቸው አጥቦ ስለነበረ እዚያ ይይዛሉ፤ ቤት ሲገቡ በአሥራ አንድ ሰዓት ይቀባቸዋል፣ በማግስቱ ይለቃሉ። ቶርኖ ላይ ብረቱን የሚነክሰው ጥርስ ዘይት ነካው አልነካው ግድ የለውም፤ ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን በለሰለሰ መንጠቆ ላይ አመጣው። የሳቅኩትን ሳቅ መስኮቱ ይመስክር። ወዲያው ሚሊሜትር ትዝ አለኝና ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

ባሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። «እደውልለታለሁ» አለ።

«አያነሣም።»

«አንቺ ሂጂና ንገሪው።»

«በአፍህ ያወጣኸውን በአፍህ መልስ።»

«እሺ፣ ነገ…»

«ተነሥ!»

ኮቱን ግማሽ ሰዓት ፈለገ፤ የተሰቀለው ሁልጊዜ በሚሰቀልበት ቦታ ነበር። ከዚያ ጫማው ጠበበው። ከዚያ መጀመሪያ ፀጉሩን ቢስተካከል ይሻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

የሚሊሜትር ግቢ በር ክፍት ነበር። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ቶርኖው የቆመበት ሲሚንቶ ላይ አራት ብሎኖች ቀጥ ብለው ቀርተዋል። ጥግ ላይ በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች አሉ። የእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ሞርሳው ተቀምጧል፤ ዙሪያው ቁጥር በተጻፈባቸው ወረቀቶች ተሞልቷል። «እትዬ፣ ግቢ» አለኝ ሚሊሜትር። ለባሌ አንገቱን ነቀነቀለት።

ባሌ በሩቁ ጀመረ። ሙቀቱን አነሣ፣ አውቶቡሱን አነሣ፣ ካርቶኖቹን ቆጠረ። ሳልኩ። ካርቶኖቹን ደግሞ ቆጠረ። እንደገና ሳልኩ።

«ዘይት ነው» አለ ባሌ።

«ምኑ?»

«ማታ ማታ እቀባው ነበር። መንጋጋውን።»

«የሚይዝበትን ፊት?»

«የሚይዝበትን ፊት።»

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ወይ ሞርሳውን ያነሣና ይወረውርበታል ብዬ ወደ ኋላ አልኩ። ሚሊሜትር ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

«ሁለት ሳምንት ለካሁት» አለ ቀስ ብሎ። «መንጠቆ አስሬ ጎተትኩት፤ ያዘ። ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠለጠልኩበት፤ ያዘ። አድሮ ይለቅ እንደሆነ ብዬ ባልዲውን አሳደርኩት፤ ያዘ። አንተ ግን አይይዝም ብለሃል። አንተ ደግሞ በብረት ዋሽተህ አታውቅም። ስለዚህ ጉድለቱ አለ፣ ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ አልኩ። ከዓይኔ አንተን አመንኩ።»

እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ባሌ ሞርሳውን ወደሱ ገፋ አደረገ። «እጅህ አልሞተም» አለ።

«እጄማ አለ። ማሽኑ ነው የሌለው።»

ባሌ ይህን ሲሰማ በር ከፍቶ ወጣ። ሸሸ ብዬ ልከተለው ስል አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጎረቤቱን ብየዳ ሠራተኛ በስሙ ሲጣራ ሰማሁት። «ያን ቀን እጅህ ሞቷል ስለው ቆመህ ነበር! ስማኝ፣ እጁ አልሞተም! የሞተው የኔ ጭንቅላት ነው!» ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ግራ ገብቶት አየው። «የቱን ቀን ጋሼ?» አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ቆሞ ያየውማ ጭራሽ አልሰማም። በዚያች በአንዲት ቃል ሁለት ሳምንት የቆሰለው ሚሊሜትር ብቻ ነበር።

ባሌ ተመልሶ ሲገባ የሚሊሜትር ስልክ ጠራ። ልጁ ናት። ስክሪኑን አየ፣ ባሌን አየ፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፍቶ ስልኩን ሰጠው።

«ራስህ ንገራት።»

«ምን ልበላት?»

«ለኔ ያልከኝን።»

ባሌ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ያዘው። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«እንዴ ጋሼ! አባዬ ደህና አይደለም?»

«ደህና ነው። እጁ ሞቷል ብዬው ነበር። አልሞተም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ራሱ የከደነው ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ ጥፋተኛው ዝናቡ ነበር።

«ታዲያ… አይመጣም ማለት ነው?» አለች ልጅቷ።

ባሌ ወደ ሚሊሜትር ዞረ። «እኔ ቤት ጠረጴዛ አለ» አለው ፈጠን ፈጠን እያለ። «ሞረድ አለ። ገና አርባ ማባበያ ይቀረኛል፣ ብቻዬን አልደርስበትም። የማረፊያዋ ሴትዮ ደግሞ እንግዶቼ ሞርሳ የት ይገኛል እያሉ ይጠይቁኛል ብላለች። በሞረድ ብቻ ያንተ እጅ ይሠራዋል። ማሽን ብንፈልግ ቆይቶ እንፈልጋለን።»

ማን ጠየቀኝ? ሳሎኑ የኔ፣ መስኮቱ የኔ፤ አንዱ አልበቃኝ ብሎ ሁለት ሽማግሌ ከነብረታቸው ሊሰፍሩብኝ ነው። «ከኔ ማሽን ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ» አልኩ። ከዚህ የበለጠ ክፉ ነገር አልመጣልኝም።

ሚሊሜትር ስልኩን ከባሌ እጅ ተቀበለ።

«አባዬ፣ አለህ?» አለች ልጁ። «ትናንት አልጋ ገዝቼልህ ነበር እኮ። ልመልሰው?»

ቀና ብሎ ባሌን አየው።

«አትመልሺው፣ አቆዪልኝ» አለ ሚሊሜትር። «አንድ ቀን ማርጀቴ አይቀርም።»